እጅህን ወደ ኋላ

እኔ ቤራርዶ ነኝ፤ ማረሻና የጋሪ ብረት የምቀጠቅጥ የኮለሮሶ አንጥረኛ። መንደራችን መጥታችሁ በስሜ ብትጠይቁ ግን አንድ ሰሞን ማንም አያውቀኝም ነበር። «አስራ ሁለት እርምጃን ነው የምትፈልጉት?» ይሏችሁና በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ያኔ ይህን ስም ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። ዛሬ ማንም አይጠራኝም፤ ቢጠሩኝ ግን ደስ ባለኝ።

ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ ታች ያለው የባሕር ከተማ በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ፣ በእመቤታችን ዕርገት ቀን፣ የአስራ ሁለት ሰዓት የመኪና ውድድር ያደርጋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተጀምሮ ምሽት ሁለት ሰዓት ያልቃል። መንገዱ የሁላችንም መንገድ ነው። ከባሕሩ ዳር ይነሳና በወይን እርሻው መካከል ተጠማዝዞ ወደኛ ይወጣል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት አልፎ፣ አደባባዩ ላይ ምንጩን ዞሮ፣ እንደገና ወደ ባሕሩ ይወርዳል። የምንጩ የድንጋይ ገንዳ ልክ ኩርባው አፍ ላይ አፍጥጦ ስለቆመ ሴቶቹ በዋዜማው ፍራሻቸውን ከየአልጋው አውርደው ይጠቀልሉታል። በማግስቱ ፍራሹ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ይመለሳል፤ እስከ መስከረም ድረስ መንደሩ በሙሉ ቤንዚን ላይ ነው የሚተኛው። ቅር የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ወንድሜ ፓንፊሎ ከኔ በአስራ አራት ዓመት ያንሳል። እናታችን ስትሞት ገና ጫማውን ማሰር አይችልም ነበር። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ማሳደግ ከተባለ። ግማሹን በጥፊ፣ ግማሹን በሾርባ። ካደገ በኋላ ከወናፉ ይልቅ ሞተር ይወድ ጀመር፤ ምን ላድርግ? የታች ከተማው መድኃኒት ቀማሚ ልጅ፣ ኡጎ የሚባል ቀጭን ልጅ፣ ሞተር ገዛ፤ ፓንፊሎ ሻንሲውን ሠራ፤ እኔ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ወይን እርሻ ላይ ከወደቀ አውሮፕላን የተገፈፈ ቆርቆሮ ቀጥቅጬ አካሏን አወጣሁላት። ሦስት ክረምት ፈጀን። ቀይ፣ ክፍት፣ ሁለት ሰው በግድ የምትይዝ ትንሽ ነገር ነበረች። ድንቢጥ አልናት። ቁጥሯ አርባ ሰባት ነው፤ ሁለቱ እየተፈራረቁ ይነዷታል።

በመጀመሪያው ዓመት ድንቢጥ ትናንሾቹን መኪኖች ሁሉ እየመራች አስር ሰዓት ሙሉ ሮጠች። ከሰሜን የመጣ የፋብሪካ ሰው ፓንፊሎን ሲነዳ አይቶ «አንድ ውድድር ጨርስና ናልኝ፣ ሥራ አለህ» ብሎታል። ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ድንቢጥ እዚሁ አደባባይ ላይ፣ ከፊቴ፣ ሞተሯ ጠፋባት። ፓንፊሎ ሊያስነሳት ይታገላል፣ እምቢ ትላለች። እኔም አላሰብኩም፤ እጄ ነው ያሰበው። ከኋላ ገብቼ ገፋኋት። አስራ ሁለት እርምጃ ስገፋ ተነሳች፣ ሄደች፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ኩርባው ላይ ነጭ ክር በክንዳቸው አስረው የቆሙት ዳኛ ካታልዲ ግን ደብተራቸውን አወጡ። ካታልዲ ጡረታ የወጡ የኮለሮሶ አስተማሪ ናቸው፤ እኔንም ፓንፊሎንም ፊደል ያስቆጠሩን እሳቸው ነበሩ። በመንገድ ላይ የቆመች መኪና ከነጂው በቀር ማንም ከነካት ከውድድር ትወጣለች። ድንቢጥ ወጣች።

ፓንፊሎ ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። መንደሩ ግን አናገረኝ፤ ያውም እስኪበቃኝ! የማንም ጋሪ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ «ኧረ ቤራርዶን እንዳትጠሩ፣ በሬው ከውድድር ይወጣል!» ይላሉ። ሬሳ ስንሸከም እንኳ አንዱ ከኋላዬ «አንተ አትንካ፣ ገነት እንዳይከለከል» አለኝ። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ጠበሱኝ።

በገና ዕለት የፓንፊሎ ሚስት አሱንታ እራት ጠርታ አስታረቀችን። ወይኑ ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ፓንፊሎ ጣቱን ቀሰረብኝ።

«ስማ ቤራ። የሚመጣው ነሐሴ ድንቢጥ ቆማ ብታያት፣ እኔ ውስጧ ተቀምጬ ብቃጠል እንኳ፣ እጅህን ወደ ኋላ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ማል።»

«በእናታችን ነፍስ።»

«አሳየኝ እስቲ።»

ሁለት እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ እንደ እስረኛ ቆምኩ። ፓንፊሎ ሳቀ። አሱንታ ግን «እንዲህ ያለ ነገር ገበታ ላይ አይማልም» ብላ ሳህኑን አነሳች።

የማልኩትን ደግሞ እንደዋዛ አልያዝኩትም። ነሐሴ ሲደርስ ቤት ለቤት ዞርኩ። ቁጥር አርባ ሰባት እዚህ ብትቆም ማንም ዝር እንዳይል፣ ልጅም ሽማግሌም። ቄሳችን ዶን ሰራፊኖ እንኳ ከመድረኩ «ለመባረክም ቢሆን ከርቀት ነው» ብለው ሕዝቡን አሳቁት። መንደሩ ሲቀልድብኝ ከርሞ በመጨረሻ እልኬን የራሱ እልህ አደረገው። ፓንፊሎ የሁሉም ልጅ ነበር፤ ዘንድሮ መጨረስ አለበት፣ ወደ ሰሜን መሄድ አለበት፣ በቃ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ካታልዲ ነጩን ክራቸውን አስረው ወደኔ መጡ። ዓመቱን ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም ነበር። በእጃቸው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይዘዋል።

«ቤራርዶ፣ አንድ ጊዜ አድምጠኝ። ከደንቡ አንዲት አንቀጽ ላንብብልህ፤ ሁለት መስመር ናት።»

«አምና አንብበውልኛል፣ መምህር።»

«አምና ጻፍኩ እንጂ አላነበብኩልህም። ለመንደሩ ሰው የነገርከውን ሰምቼ ነው፤ አንድ ነገር እንዳትስት—»

«በቃኝ አልኩ እኮ! ደንቡን ከርስዎ በላይ አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ተሰድቤበታለሁ። አትንካ ነው አይደል የሚለው? አልነካም። ይሂዱልኝ፣ ኩርባዎን ይጠብቁ።»

ሽማግሌው መጽሐፏን ኪሳቸው ከትተው ሄዱ። እኔም የልቤ ደረሰ፤ ዓመት ሙሉ ያብሰለሰልኩትን ንግግር ስለተናገርኩ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቀኑ ድንቅ ነበር። አሱንታ ማለት ዕርገት ነውና በዓሉ የስሟ ቀን ስለሆነ ከበለሱ ሥር ገበታ ዘርግታለች፤ ሀብሐቡ እንዲቀዘቅዝ ገንዳው ውስጥ ተንሳፍፏል። ድንቢጥ በየአስራ አራት ደቂቃው ታልፋለች። የፓንፊሎ ሄልሜት ቡናማ ነው፣ የኡጎ ነጭ፤ ማን እንደሚነዳ ከሩቅ እናውቃለን። እኩለ ቀን ላይ ትናንሾቹን ትመራ ጀመር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለተኛዋን በሁለት ዙር በለጠቻት። አሱንታ በእያንዳንዱ ዙር መሐረቧን ታውለበልባለች፤ እሱ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ያነሳላታል። ሰላምታቸው ያችው ነበረች።

አስራ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል፣ ትልቅ ሞተር ያላት መኪና ከኋላው እያገሳች መጣች። ፓንፊሎ መንገድ ሊለቅላት ወደ ውጭ ወጣ፤ እዚያ የፈሰሰ ዘይት ነበር። ድንቢጥ ተንሸራታ በአፍንጫዋ ምንጩን መታች። ከፊት ተደግፎ የነበረው የአሱንታ ፍራሽ ነው፤ ፈነዳ። የበግ ጠጉሩ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀስ እያለ አደባባዩ ላይ ወረደ። ጠጉሩ ጠራ ሲል ፓንፊሎ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ከራሱ እስከ ጉልበቱ ነጭ ሆኗል።

እንዴት እንደሳቅን! እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

«በግ ሆነ! በግ!»

«አሱንታ፣ ባልሽን አልጋው ናፍቆት ነው፤ እስከ ማታ አላስችል ብሎት!»

አሱንታ ራሷም ፊቷን ሸፍና ሳቀች። እኔ ግን ክንዴን ዘርግቼ መሃል ገባሁ። «ማንም እንዳይነካ! ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» ልጆቹ ተቀበሉኝ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ፤ አደባባዩ በሙሉ «አትንኩት! አትንኩት!» እያለ ያስተጋባ ጀመር። አሥር እርምጃ ራቅ ብለው ካታልዲ ደብተራቸውን ይዘው ቆመዋል።

ፓንፊሎ ቶሎ አልወጣም። ሲወጣም ጎኑን በክርኑ ይዞ ነው። የፊት ግራ ጎማዋ ቸርኬ ታጥፏል። ካየው በኋላ ከኋላ ሄዶ ስኮርታውን፣ መለዋወጫ ጎማውን፣ ፈታ፤ ክሪኩን አወጣ። ይህንን እሱና እኔ ክረምቱን መቶ ጊዜ ተለማምደነዋል፤ በአራት ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። ያን ቀን ሰዓቴን ይዤ ስቆጥር አራቱ አለፈ፣ ስምንት ሆነ፣ እሱ ገና አሮጌውን ጎማ አላወለቀም። አንዴ መዶሻውን ያነሳል፣ አንዴ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። በተቀመጠ ቁጥር ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ደክሞት መሰለን። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ሙቀት ሲነዳ ውሎ ማን አይደክመውም?

«ውሃ» አለ።

ጮክ ብሎ አልነበረም። አሱንታ ሰማች። የመዳቡን ጭልፋ ከገንዳው ሞልታ መጣች፤ እኔ ፊቷ ቆምኩ።

«ወዴት?»

«ውሃ ጠየቀ እኮ!»

«ውሃም እርዳታ ነው። ያ ሽማግሌ አፍጥጦ እያየ? ሌላ ዓመት ልታስጠብቂው ነው?»

«ቤራርዶ፣ ከንፈሩን እይ እስቲ።»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ አይደለም! ልቀቀኝ!»

የእጇን አንጓ ያዝኩ። ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ከኋላዬ ሴቶቹ ራሳቸው «ተዪው አሱንታ፣ አታበላሺበት፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያሉ ወደነሱ ሳቧት። ካታልዲ ሁለት እርምጃ ቀርበው «ሰውየው ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው! አይጠጉ!»

«ፓንፊሎ፣ ልጄ፣ ደህና ነህ?»

ፓንፊሎ ራሱን ሳያነሳ እጁን አወዛወዘ። እኔ «ደህና ነኝ» ማለቱ ነው ብዬ ያዝኩት።

በአስራ ስድስተኛው ደቂቃ አዲሱ ጎማ ገባ። መዶሻውን ጥሎ በመኪናዋ ተደግፎ ቆመና አየኝ። ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። ክሪኩ በግራው በኩል ነበር፣ መዶሻውም እግሩ ሥር፤ ምንም የሚያቀብሉት ዕቃ አልነበረም። እጁ ወደኔ ነው የተዘረጋው፤ ይህን ያኔም አይቻለሁ። እኔ ግን በገናው መሐላ የሚፈትነኝ፣ የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ሁለት እጄን ወደ ኋላዬ አደረግኩ። እንዲያየው ዞሬም አሳየሁት። አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ዞሬ ስመለስ እሱም ፈገግ ብሏል።

«እሺ ቤራ» አለኝ። «እሺ።»

ደረቱን በመኪናዋ ጠርዝ ላይ አሳርፎ፣ እግሩን አንድ በአንድ አስገብቶ ተቀመጠ። ድንቢጥ በመጀመሪያው ተነሳች። ሲሄድ መሐረብ ተውለበለበ፣ ቆብ ተወረወረ፣ አሮጊቶች አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ኮርቼ አላውቅም፤ ይህን ብክድ ውሸታም ነኝ። አሱንታ ብቻ መሐረቧን አላነሳችም። «ጣቱን አላነሳልኝም» አለች።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አርባ ሰባት ቁጥር ወደ ላይ ወጣች፤ ነጭ ሄልሜት። «ተራውን ለኡጎ ሰጠ፤ አሁን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ወይኑን እየጠጣ ነው» ተባባልን። ዘጠኝ ጊዜ አለፈች። ዘጠኝ ጊዜ አጨበጨብን። ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን ድንቢጥ ከትናንሾቹ አንደኛ ሆና ጨረሰች፤ ዶን ሰራፊኖ ደወሉን አስደወሉ፤ ሀብሐቡ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ እኔን እየሳመ «ዘንድሮ ያለ አንድ እርምጃ!» ይለኛል።

በዚያ ጫጫታ መሃል የትምባሆ ሱቋ ባለቤት ኤርሲልያ ማንንም ሳታይ አደባባዩን አቋርጣ መጣች። የመንደሩ ስልክ እሷ ዘንድ ነው። ከታች ከሐኪም ቤቱ የተደወለው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ነበር፤ ምስኪን፣ ያን ሁሉ ጊዜ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች፤ ጭብጨባችንን እየሰማች። ገበታው ጋ ደርሳ አሱንታን አቀፈቻት። አሱንታ ጮኸች።

ፓንፊሎ ታች ደርሶ መኪናዋን በቦታዋ አቁሟታል። መውጣት አልቻለም፤ አንስተው አወጡት። ጣፊያው በመሪው ተመትቶ ተተርትሮ ነበር፤ ደሙ ወደ ውስጥ ሲፈስ ነው የቆየው። ሐኪም ቤት ሲደርስ ነፍሱ ነበረች፤ ብዙ አልቆየም። ለኡጎ ማንም አልነገረውም፤ ስምንት ዘጠኝ ዙር የነዳው ፓንፊሎ እያየው መስሎት ነው። በሌሊት ወርደን ስንደርስ ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ እጁን እየጠረገ «ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ» አለ። አሱንታ አጠገቤ ቆማ ነበር። እሷም ሰማች፣ እኔም ሰማሁ። እኔ ያን ሌሊት በልቤ ስሟገት ያደርኩት ይህን ነው፤ ብነካው ውድድሩ ይበላሽበት ነበር፣ ደንብ ደንብ ነው፣ ያስማለኝም ራሱ ነው። ከዚህ በቀር የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

ኡጎ ዋንጫውን አምጥቶ ወርክሾፔ በር ላይ አስቀመጠው፤ ሳያንኳኳ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

በሠላሳኛው ቀን ጸሎት ተደረገለት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በአሱንታ ማዕድ ቤት ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን ሳለ ካታልዲ ገቡ። በአንድ ወር ውስጥ አሥር ዓመት አርጅተዋል። ቁጭ ብለው ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አሱንታ፣ ልጄ» አሉ። «አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኛል። ያን ቀን ለምን እንዳላነሳችሁት አልገባኝም። እሱ ራሱ እምቢ ያላችሁ መስሎኝ ነበር። እጁን ሲያወዛውዝ አየሁና ደብተሬ ላይ ‹ነጂው እርዳታ አልፈልግም ብሏል› ብዬ ጻፍኩ።»

«መንካት ክልክል ነው እኮ» አለች አሱንታ።

«መኪናዋን ነው፣ ልጄ። መኪናዋን።»

ያችን ቀጭን መጽሐፍ አወጡ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ልክ ልጅ ሳለን ያነቡልን እንደነበረው፣ ቃል በቃል አነበቡ። በመንገድ ላይ የቆመችን መኪና ከነጂው በቀር ማንም አይነካም። ነጂው ግን ውሃም፣ ምግብም፣ ሕክምናም ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት ሊሰጠው ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ቅጣት የለም። ሁለት መስመር ናት፤ አላሳጠሩም አላስረዘሙም።

አሱንታ ጠረጴዛውን እያየች «ይህን ለሰው መንገር አይቻልም ነበር?» አለች። ድምጿ ለስላሳ ነበር።

ካታልዲ ወደኔ አላዩም። ደግ ሰው ናቸው፤ መጽሐፏን አጥፈው ዝም አሉ። ዝምታቸው ለኔ እንደሆነ ገባኝ። ዝም ብዬ መቀመጥ እችል ነበር፤ ጥፋቱ በሽማግሌው ላይ ይቀር ነበር።

«ሊነግሩኝ መጥተው ነበር» አልኩ። «ጠዋት። ላንብብልህ አሉኝ፣ እኔ አባረርኳቸው።»

ካታልዲ ቆባቸውን አንስተው ተነሱ፤ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። አሱንታ አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ። ተነስታ ከመደርደሪያው ብርጭቆ አወረደች፤ ከማሰሮው ውሃ ቀዳችና ጠረጴዛው ላይ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ጠጣ» አለችኝ።

«አልጠማኝም፣ አሱንታ።»

«ጠጣ። አንተን የሚከለክልህ የለም።»

ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም። በመጨረሻ ብርጭቆውን አንስቼ ጠጣሁት፣ እስከ ጭላጩ። የአደባባዩ የምንጭ ውሃ ነበር፤ በጣም ይቀዘቅዛል።